ስንዴው ያለፈበት ኬላ

ከአሰላ ወደ አዳማ ሲወረድ ብዙም ሳይርቁ ቁሉምሳ ይደረሳል። የግብርና ምርምር ማዕከሉ እዚያ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ በስዊድን ርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ያገሬው ሰው እስከ ዛሬ «ካዱ» እያለ የሚያነሳው፣ ትቶልን ካለፋቸው ነገሮች አንዱ መሆኑ ነው። ቁሉምሳ ላይ ዓመታት የተደከመበት የስንዴ ዝርያ በተለያየ አካባቢ ይፈተናል፣ በሀገር አቀፍ አጽዳቂ ኮሚቴ ይመዘናል፣ ካለፈ በሀገሪቱ የሰብል ዝርያዎች መዝገብ ይሰፍራል። ከዚያ ወዲያ ዘሩ ጎጃም ይዝለቅ ሀዲያ፣ ኬላ ላይ አስቁሞ «እዚያ ማዶ የተፈተንከውን አላውቅም፤ እንደገና ተፈተን» የሚለው የለም። መዝገቡ ግን አንድ ቁም ነገር ይይዛል፤ ዝርያው የሚስማማውን ከፍታና የዝናብ መጠን። ለገበሬው የሚጠቅመውም ይኸው ነው።

እዚያው ጭላሎ ተራራ ሥር ተቀምጦ የሰው ጭንቀት የሚያዳምጥ ባለሙያ እንደ ስንዴው ዕድል የለውም። የሥነ ልቦና አማካሪ ይሁን የአእምሮ ጤና ነርስ፣ በአንድ ክልል የተሰጠው የሙያ ፈቃድ ክልል ሲሻገር ያለ ሌላ ደጅ ጥናት አይሠራለትም።

እስቲ አንዲት ባለሙያ እናስብ። በአርሲ ደጋ ስድስት ዓመት ሠርታለች። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ትመክራለች። ባሏ ደብረ ብርሃን ሥራ አገኘና ልጆቿን ይዛ ተከተለችው። መንገዱ የአንድ ቀን ነው። ፈቃዷን ለማሻገር ግን መጀመሪያ ክሊራንስ ያስፈልጋል፤ ቀጥሎ ፈቃዱን ከሰጣት አካል የመልካም ሥነ ምግባር ደብዳቤ፣ የዲግሪና የትራንስክሪፕት ማረጋገጫ፣ የሥራ ልምድ፣ ኦሪጅናልና ኮፒ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ። ዝርዝሩ ከቢሮ ቢሮ ይለያያል። «ሲስተም የለም»፣ «ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ነገ ተመለሺ» የሚሉት ሦስቱ መልሶች ግን በየትኛውም የሥራ ቋንቋ ትርጉማቸው አንድ ነው።

ይህን ጉዳይ ባነሳሁ ቁጥር የሚመለስልኝ ቃል «ጥንቃቄ ነው» የሚል ነው። የሚሉትም እንደ ዋዛ አይደለም። የአእምሮ ጤና እንደ ጫማ ጥገና አይደለም ይሉኛል፤ ሰው ለሚስቱ ያልነገረውን የሚነግረው ባለሙያ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሠራ መጣራት አለበት። ሐሰተኛ ማስረጃ እንደ እንጉዳይ በሚፈላበት ሀገር የሌላውን ቢሮ ማኅተም ዓይንን ጨፍኖ መቀበል ሞኝነት ነው። ደግሞም ምክር ከባህልና ከቋንቋ አይለይም፤ ክልሉ ሕዝቡን ያውቃል፤ ስለዚህ ማን ሕዝቡን እንደሚመክር መወሰን ያለበት እሱ ነው። ይህ አስተሳሰብ በባለሙያው፣ በኃላፊውና በተራው ሰው ዘንድ ሥር ሰድዷል። ፈቃድ ፍለጋ የተንገላቱት ሳይቀሩ፣ የራሳቸው ጉዳይ ካለቀ በኋላ፣ «ምን ይደረግ፣ ለጥንቃቄ ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ።

እኔ የምለው ሌላ ነው። ይህ አሠራር የሚጠነቀቀው ለወረቀቱ እንጂ ለሰውየው አይደለም። ሊጣራ የሚገባውን ሳያጣራ፣ የተጣራውን ደግሞ ያጣራል።

ሁለተኛው ቢሮ በእርግጥ ምን አዲስ ነገር ይመረምራል? ትምህርቱን እንዳንል፣ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚያስተምሩት በሀገር ደረጃ በተጣጣመ ሥርዓተ ትምህርት ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂው ሁሉ የመውጫ ፈተና ይቀመጣል። ብቃቱን እንዳንል፣ በጤና ሙያ ለሚመረቁት ጤና ሚኒስቴር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሀገር አቀፍ የብቃት ምዘና ፈተና ይሰጣል። የፈተናው ወረቀት አሰላም ባሕር ዳርም አንድ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ቢሮ የሚያየው የመጀመሪያው ቢሮ ያየውን ዲግሪ ኮፒ ነው፤ በላዩ ላይ የመጀመሪያው ቢሮ ማኅተም ተጨምሮበት። በዚህ መካከል ስለ ባለሙያዋ የታወቀ አዲስ ነገር የለም። የባከነው የእሷ ጊዜ ነው።

ነገሩ ምን ያህል እንደተወሳሰበ ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። የኦሮሚያ ጤና ቢሮ መቀመጫው አዲስ አበባ፣ በሌላ ስሟ ፊንፊኔ ነው። አንዲት የአሰላ ባለሙያ አዲስ አበባ ልትሠራ ብትመጣ፣ ፈቃድ የሰጣትም ፈቃድ የሚጠይቃትም መሥሪያ ቤት የሚገኙት እዚያው አንድ ከተማ ውስጥ ነው። በታክሲ የሚደረስ ርቀት ነው። መልእክተኛዋ ግን እሷው ናት፤ ከአንዱ ደብዳቤ ተቀብላ ለሌላው የምታደርስ፣ ሁለቱ እንዳይነጋገሩ ተከልክለው ሳይሆን መነጋገር እንደሚችሉ ማንም ስላላሰበበት።

ወደ ሐሰተኛ ማስረጃው እንምጣ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ በሐሰተኛ ዲግሪ የተቃጠለ ኃላፊ ኮፒ ሁሉ ቢያስደነግጠው አይፈረድበትም። ነገር ግን አስቡት፤ ዲግሪ አስመስሎ ማሠራት የቻለ ሰው የሥነ ምግባር ደብዳቤ ማሠራት ይከብደዋል? ወረቀት በወረቀት ሲጣራ አጭበርባሪው አይጎዳም፤ አንድ ወረቀት ይጨምራል እንጂ። ከዚህ የባሰውም አለ። አንዱ ክልል በጥፋት ያገደው ባለሙያ የተከፋፈለ መዝገብ ሲያገኝ ይመቸዋል፤ የታገደበትን ፋይል ትቶ በአዲሱ ቦታ እንደ አዲስ ሰው ይቀርባል። ንጹሕ ባለሙያ ግን የምትሸሸው ፋይል ስለሌላት ወረፋ ትይዛለች። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። አጭበርባሪውን መያዝ ሲያቅተን በመንገድ ያገኘናትን ቅን ሠራተኛ እንደበድባለን።

ደግሞ ኬላው የቆመው በዋናው መንገድ ላይ ብቻ ነው። በማኅበራዊ ሚዲያ የትዳር አማካሪ፣ የሕይወት አማካሪ፣ የጭንቀት ሐኪም ነኝ የሚለውን ሰው ማን ክሊራንስ ጠየቀው? ድምፁ ከሞያሌ እስከ መተማ ይሰማል፤ ሰው በስልክ ያማክረዋል፣ ገንዘብ ይከፍለዋል። የተማረችው፣ የተፈተነችው፣ ስሟ በመዝገብ ያለው ባለሙያ ቤቷ ተቀምጣ ፊርማ ስትጠብቅ፣ ያልተማረው ሀገር ይመክራል። ለጥንቃቄ ብለን የዘጋነው በር አደጋው በማይመጣበት በኩል ያለው በር ነው።

አሁን ወደ ከባዱ መከራከሪያ ልለፍ፤ ወደ ባህልና ቋንቋ። ግማሹን እቀበላለሁ። ከሌሙና ቢልቢሎ ገጠር የመጣች እናት ሐዘኗን በአፋን ኦሮሞ ካልሆነ መናገር አትችልም፤ ብትችልም ያው ሐዘን አይሆንም። አማካሪዋ ቋንቋዋን ካላወቀች አስተርጓሚ ይፈለጋል፤ አስተርጓሚው ብዙ ጊዜ ልጇ ወይም የግቢው ጥበቃ ነው። ልጇ ፊት ስለ ባሏ ምን ትላለች? በጥበቃው በኩልስ ሌሊት ስለሚያስጨንቃት ሐሳብ ምን ታወራለች? በዚህ ሙያ ቋንቋ እንደ ሐኪም ማዳመጫ መሣሪያ ነው፤ የሌለው ሰው አይሰማም።

ነገር ግን ይህን እውነት ይዘው የሚከራከሩኝ ሰዎች ልብ ያላሉት አለ። ባለሙያው ወረቀት ሲያሻግር እኔ ካየኋቸው መጠይቆች አንዳቸውም «በየትኛው ቋንቋ ትመክራለህ?» አይሉም። የከፍተኛ ትምህርታችን መማሪያ እንግሊዝኛ ነው። አንድ የጎንደር ልጅ አሰላ ተምሮ፣ ተመርቆ፣ እዚያው ፈቃድ ሊያወጣ ይችላል፤ አፋን ኦሮሞው ግን ከሰላምታ ላያልፍ ይችላል። በአንጻሩ ሁለቱንም ቋንቋ አቀላጥፋ የምትናገር ባለሙያ ከሌላ ክልል ስለመጣች ብቻ ደጅ ትጠናለች። እንግዲህ ቋንቋው ነው የሚያሳስበን ካልን ቋንቋውን እንጠይቅ። የክልሉ ወሰን የቋንቋ ፈተና ሆኖ አያውቅም።

ስለ ባህሉ ደግሞ አርሲ ራሱ መልስ አለው። በአርሲ ኦሮሞ ወግ ሙሽራ ከእናቷ ቤት ስትወጣ ሲንቄ የሚባል በትር ይሰጣታል። የምታገባው ከጎሳዋ ውጭ ነው፤ ስለዚህ በትሩን ይዛ የምትሄደው ወደ ሌላ ጎሳ፣ ወደ ሌላ ቀዬ ነው። እዚያ አንዲት ሴት ስትበደል ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ጉዳዩን እስኪያዩ፣ በዳዩ እስኪክስ አይመለሱም። ጠብም ሲነሳ ሲንቄ የያዙ ሴቶች መሀል ከገቡ ወንዱ ዱላውን ያወርዳል። የተገባበት ጎሳ «ይህን በትር የሰጡሽ የእኛ እናቶች አይደሉም፤ እዚህ አይሠራም» አይላትም። በትሩ የሚከበረው በየቤቱ በአንድ ወግ የሚሰጥ፣ ትርጉሙም በሁሉም ዘንድ የታወቀ በመሆኑ ነው። እንግዲህ ከቦታ ቦታ የሚሻገር ሥልጣን ለአርሲ ባዕድ ነገር አይደለም። «ባህላችን አይፈቅድም» የሚለው ሰው የማንን ባህል እያወራ እንደሆነ አይገባኝም።

ከዚህም በላይ እንግዳ መሆን በዚህ ሙያ ነውር ሳይሆን ሀብት የሚሆንበት ጊዜ አለ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ሲባል የምንስቀው እውነት ስለሆነ ነው። እንደ አሰላ ባለ ከተማ «የማን ልጅ ነሽ?» ከሁለተኛው ዐረፍተ ነገር አያልፍም። የሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራውን የሚጠብቅ ሰው የጎረቤቱን የአክስት ልጅ ያገኛል። ሆድ ይፍጀው ብሎ ዓመታት የተሸከመውን ነገር ዘመዶቹን ለምታውቅ፣ ቡና ላይ ከእናቱ ጋር ለምትቀመጥ ባለሙያ ለመንገር ይሰቀቃል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ብለን እንተርታለን፤ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚሸሽገው ከሚያውቀው ሰው ነው። ቋንቋውን የምታውቅ፣ ዘመድ አዝማዱን ግን የማታውቅ አማካሪ ለእንዲህ ያለው ሰው ሲሳይ ናት። «ክልሉ ሕዝቡን ያውቃል» የሚለው ክርክር ይህን ሰው አያውቀውም።

ሦስተኛው መከራከሪያ ሕጋዊ ነው፤ «ፌዴራሊዝም ነው፣ ክልል የራሱ ሥልጣን አለው» የሚል። አዎ፣ አለው። ሕገ መንግሥቱ ግን የሚጀምረው ከቢሮው ሳይሆን ከሰውየው ነው። አንቀጽ 32 ኢትዮጵያዊ በሀገሪቱ በመረጠው ቦታ የመዘዋወርና የመኖር ነጻነት ይሰጠዋል፤ አንቀጽ 41 በየትኛውም የሀገሪቱ ክፍል ለመተዳደሪያው በመረጠው ሥራ እንዲሰማራ ይፈቅድለታል። ብሔራዊ የጤናና የትምህርት መመዘኛ የማውጣቱን ሥልጣን አንቀጽ 51 ለፌዴራሉ መንግሥት ሰጥቷል። አንቀጽ 52 እንኳ ስለ ክልል ሠራተኞች ሲደነግግ ለአንድ ሥራ የሚጠየቀው ትምህርት፣ ሥልጠናና ልምድ ከሀገሪቱ አጠቃላይ መመዘኛ ጋር የተቀራረበ እንዲሆን ያዛል። ክልል ፈቃድ ይስጥ፣ ይቆጣጠር፣ ይቅጣ። የጎረቤቱን ፈቃድ እንዳልተሰጠ መቁጠር ግን ከዚህ ሁሉ አንቀጽ ከየትኛው ተቀዳ?

ታሪካችንም የሚመሰክረው ለዚህ ነው። አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ለአሥርት ዓመታት በሀገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። በ1980 ዓ.ም. አካባቢ እዚያ የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን ሲጀመር ዓላማው ሠልጣኞቹ ወደየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል ተበትነው አገልግሎቱን እንዲከፍቱ ነበር። እንዲያም ሆነ። ዛሬ ከአዲስ አበባ ውጭ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለው ሆስፒታል ስናይ ከጀርባው በአንድ ቦታ ሠልጥኖ ሌላ ቦታ የሠራ ባለሙያ አለ። ያኔ «መጀመሪያ ይህን ክፍለ ሀገር እወቅ» ተብሎ ኬላ ላይ ቢቆም ኖሮ፣ ዛሬ የምንከራከርበት አገልግሎት ራሱ አይኖርም ነበር።

በዚህ የኬላ በሽታ የታመምነው እኛ ብቻ አይደለንም። አሜሪካ ውስጥ ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. በ1976 ለአማካሪዎች በሕግ ፈቃድ መስጠት ስትጀምር የመጀመሪያዋ ግዛት ነበረች፤ ካሊፎርኒያ ተመሳሳዩን ሕግ ያወጣችው በ2009 ነው፣ ከሃምሳዎቹ መጨረሻ ላይ። በዚህ ሁሉ ጊዜ እያንዳንዷ ግዛት የራሷን የሰዓት ብዛት፣ የራሷን ቅጽ አበጀች። ዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ነገሩን ያውቁታል፤ ሜሪላንድ ፈቃድ ያወጣ አማካሪ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ቨርጂኒያ ላለ ደንበኛ ለመሥራት ሌላ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። መፍትሔው ከግዛቶቹ ራሳቸው መጣ። እ.ኤ.አ. በ2021 ጆርጂያና ሜሪላንድ ቀድመው ያጸደቁት የአማካሪዎች ስምምነት ዛሬ ከሠላሳ በላይ ግዛቶችን ይዟል። ባለሙያው ከሚኖርበት ግዛት አንድ ፈቃድ ያወጣል፤ በዚያ ፈቃድ በሌሎቹ አባል ግዛቶች የመሥራት መብት ያገኛል። ያጠፋ እንደሆነ የሠራበት ግዛት መብቱን ያነሳበታል፤ የእናት ፈቃዱ ከታገደ ደግሞ በሁሉም ዘንድ ይታገዳል። ሥልጣኑን ያጣ ግዛት የለም። ያም ሆኖ ስምምነቱ ጸድቆ የመጀመሪያዎቹ ባለሙያዎች እስኪጠቀሙበት እስከ 2025 ፈጅቷል፤ የጋራው የመረጃ ቋት መደራጀት ነበረበትና። ከዚህ የምማረው፣ ዋናው ሥራ መዝገቡ መሆኑን ነው።

የዚህ ሁሉ ዕዳ ከፋይ ማን ነው? ባለሙያዋ ደመወዟን ታጣለች፤ አንዳንዷም ተሰላችታ ሙያውን ትታ ሱቅ ትከፍታለች። ትልቁን ዕዳ የሚከፍለው ግን ስሙ በየትኛውም ማመልከቻ ላይ የሌለው ሰው ነው፤ በአዲሱ ቦታ አማካሪ ጠፍቶ ወራት የሚጠብቀው። የአእምሮ ጤና ባለሙያ በተትረፈረፈበት ሀገር አይደለም ያለነው። አንዲት ባለሙያ ሦስት ወር ወረቀት ስታመላልስ የባከነው ጊዜ የእሷ ብቻ ሳይሆን ሊሰሙ የሚገባቸው የእነዚያ ሰዎችም ነው።

«እሺ፣ አንድ መዝገብ ይሁን፤ ስህተት ቢያሳልፍስ?» ለሚለኝ ወደ ስንዴው እመልሰዋለሁ። በ2003 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ ኩብሳ የተባለውን ዝርያ ክፉኛ ሲያጠቃ ብዙ ገበሬ ዲገሉ ወደሚባለው ዝርያ ዞረ። ዲገሉ ቢጫ ዋግን ይቋቋማል፤ ተፈትኗል፣ ጸድቋል፣ ተመዝግቧል። በ2006 ዓ.ም. መኸር ግን አዲስ ዓይነት የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ ማሳ ላይ ወረደበት፤ አንዳንዱ ማሳ የሚታጨድ አጣ። ሀገር አቀፍ መዝገብ ስህተት አያሳልፍም አልልም። ነገር ግን ያን ዋግ በየክልሉ ወሰን ላይ ዝርያውን እንደገና መመዝገብ አያቆመውም ነበር፤ ዋግ በነፋስ ነው የሚጓዘው። የሚያድነው ማሳ ለማሳ እየዞሩ ማየት፣ አደጋው ሲታይ ለሁሉም ባንድ ጊዜ መንገርና በሌላ ዝርያ መተካት ነው። ባለሙያም እንዲሁ ነው። በመግቢያው ቀን ደህና የነበረ ሰው በአምስተኛው ዓመት ሊያጠፋ ይችላል፤ ከዚያ ጥፋት የሚጠብቀን በር ላይ የተጠየቀው ወረቀት ሳይሆን በሥራ ላይ የሚደረገው ክትትል ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው የተትረፈረፈ ነገር አይደለም። ክልሎች ሁሉ የሚያዩት አንድ የባለሙያዎች መዝገብ ይኑር። ዝርያው የሚስማማው ከፍታ እንደሚጻፍ ሁሉ፣ ከባለሙያዋ ስም አጠገብ የምትመክርባቸው ቋንቋዎች ይጻፉ፤ ቀጣሪው ሆስፒታልም ቋንቋዋን ፊት ለፊት ይፈትን። ቅሬታ በየትኛውም ክልል ይቅረብ፣ እገዳውም በሁሉም ይጽና። ባለሙያዋ ክልል ስትቀይር ታሳውቅ፤ ተቀባዩ ቢሮ ተቃውሞ ካለው በተወሰነ ቀን ውስጥ ምክንያቱን ጽፎ ያቅርብ፤ ከሌለው ፈቃዷ ይሥራ። ደብዳቤ የማመላለሱ ሥራ ለዚያ ደመወዝ የሚከፈላቸው መሥሪያ ቤቶች ይሁን።

መጨረሻ ላይ ስለ ክሊራንሱ አንድ ነገር ልበል። ባለሙያዋ ሆስፒታሉን ስትለቅ የምታስፈርመው ቅጽ ነው። ንብረት ክፍል ጋውኑንና የቢሮ ቁልፉን መመለሷን ይፈርማል። ቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ እንደሌለባት፣ ፋይናንስ ያልተወራረደ ገንዘብ እንደሌለባት ይፈርማሉ። ከእነዚህ ሁሉ ሳጥኖች አንዱም፣ በየሳምንቱ ማክሰኞ እየመጣች ስለሞተው ልጇ የምታወራላት እናት ለማን እንደተላለፈች አይጠይቅም። አስተላለፋት የሚል ፊርማ የለም፤ ተቀበላት የሚልም የለም። ጉዳዩ ጥንቃቄ ነው የምትሉኝ ወዳጆቼ፣ ያቺን አንድ ጥያቄ በቅጹ ላይ አስገቡልኝ። በክሊራንስ ላይ ያለኝን ክርክር ያን ቀን አቆማለሁ።